ቀስቃሽ

ኢዮስያስ ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የእጁን አምባር ነበር። ነጭ ከሆነ በሩ ይከፈትለታል። ብርቱካናማ ከሆነ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እስኪነጣ ይጠብቃል። ቀይ ሆኖ ያደረ እንደሆነ ደግሞ ከምድር ቤት አንድ ሰው መጥቶ ያንኳኳና "ምን አለምክ?" ብሎ ይጠይቀዋል። የመረጋጋት ማዕከል ነዋሪዎች ሕልማቸውን ለማያውቁት ሰው መናገር ለምደው ነበር። ኢዮስያስ ግን ሚስቱን በሕልሙ ባየ ቁጥር "ባቡር ነው ያየሁት" ይል ነበር። ድሮ የባቡር ቴክኒሻን ስለነበር ጠያቂው ያምነዋል።

ማዕከሉ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው ያለው። ነዋሪዎቹ "ተረጋጊ" ይባላሉ። ኢዮስያስ የሚሠራው የፀሐይ ሰሌዳ ማጽዳት ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሌሊቱን የወረደውን አቧራ ይጠርጋል፤ የሙቀት ደወሉ ሲደወል ይወርዳል። ከደወሉ በኋላ ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱ ላይ የተወጠረው ሸራ ብቻ ይርገበገባል፣ ሰዉ ሁሉ ፀሐይ እስክትበርድ ቤቱ ይተኛል።

ከሥራ ሲመለስ መንገዱን የሚመርጥለት አምባሩ ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ በኒም ዛፎቹ ሥር የሚያልፈው አጭሩ መንገድ ለእሱ ዝግ ነበር፤ ድሮ እዚያ ጥግ ላይ ዕፅ ገዝቷል። የባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበርም ዝግ ነው፤ አንዴ እዚያ ወድቆ ተገኝቷል። ከተፈቀደለት መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ካለ አምባሩ የእጁን አንጓ ጠበቅ ያደርገዋል፤ ሕመም የለውም፤ ልክ አንድ ዘመድ በሕዝብ መሀል ሳይታይ እጅህን ጨበጥ አድርጎ "ተው" እንደሚልህ ዓይነት ነው። እናም ቅርቡን ሩቅ እያደረገ፣ ዞሮ ዞሮ ይገባል። በመንገዱ ላይ ያለው የጭማቂ ሻጭ ከፊቱ በፊት እጁን ያያል። "ነጭ ነህ ዛሬ፣ ማሻ አላህ!" ይለዋል። በዚያ ዘመን በከተማው ሰላምታ እንደዚያ ሆኖ ነበር።

ለእሱ ከሁሉ ይልቅ የተዘጋበት ግን ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ያለው መጋላ ሰፈር ነበር። ቤቱ እዚያ ነው። ሚስቱ ረድኤትም እዚያ ናት።

ኢዮስያስ የተጎዳው ወገቡን ነበር። የባቡር ተሽከርካሪ ክፍል ሲያነሱ አንሸራትቶት ወደቀ፤ ለሕመሙ ክኒን ሰጡት፤ ክኒኑ ሲያልቅ ወገቡ ድኖ ሳለ ሌላ ነገር ማመም ጀመረ። በዚያን ጊዜ ነው "ጥላ" ከተማውን ያጥለቀለቀው። ከምላስ ሥር የምትቀመጥ ስስ ነገር ናት፤ እንደ ወረቀት ትሟሟለች። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሰውን ቀዝቀዝ ታደርገዋለች፤ ስሟም የወጣላት ከዚያ ነው። ሲያቆሟት የሚመጣውን ሥቃይ አሮጌዎቹ ጫት ቃሚዎች በሚያውቁት ስም "ሐራራ" አሉት፤ ግን ከጫት ሐራራ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነበር።

ረድኤት ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳቸው ላይ ማሽኗን አስቀምጣ ነበር የምትሠራው። ልጅ አልወለዱም፤ ቤቱ ውስጥ እሷ፣ እሱና ማሽኑ ብቻ ነበሩ። አንድ ከሰዓት ከማሽኗ ቀና ስትል ባሏ ፍራሹ ላይ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ጠፍቶ አገኘችው። አፍንጫ ውስጥ የሚነፋውን፣ ትንፋሽ የሚመልሰውን መድኃኒት ጎረቤቶቿ ነበራቸውና ሮጣ አምጥታ ነፋችለት። ሲነቃ ተቆጣት። እሷ መልስ አልሰጠችውም፤ ደግፋ ባጃጅ ውስጥ ከተተችውና ወደ መጠን ቤት ወሰደችው።

መጠን ቤት በደቻቱ ዳር ያለ ዝቅ ያለ ቤት ነው። እዚያ ማንም "ለምን ትወስዳለህ?" አይባልም። ማቆም ያልቻለ ሰው በነርስ ዓይን ሥር ይወስዳል፤ እንዳይሞት ይጠበቃል፤ ማቆም የፈለገ ጠዋት ጠዋት በትንሽ ኩባያ ሐራራን የሚያስታግስ መድኃኒት ይጠጣል። በሩ ላይ የተቀበለቻቸው እትዬ ኢፍቱ ነበረች፤ ራሷ ድሮ ጥላ ስትወስድ የኖረች፣ አሁን የሌሎች አጃቢ የሆነች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ኢዮስያስን ከላይ እስከ ታች አየችውና "በሕይወት ነው ያለው፤ ሌላው ይደርሳል፤ አስገቢው" አለች።

ሌላው ደረሰ። ቀስ እያለ ጥላን ተወ። ሲተው ከተማው አምባር ሰጠው፣ ሳቢያን ክፍል ሰጠው፣ ሥራ ሰጠው። መድኃኒቱም ከዚያ ወዲህ በአምባሩ በኩል በቆዳው ይገባ ጀመር፤ ኩባያ የለ፣ ወረፋ የለ። ረድኤት በደስታ አለቀሰች።

መጀመሪያ ልትጠይቀው የሄደች ቀን ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ አምባሩ ቀላ። ድካም ነው ተባለ። በሁለተኛውም ቀላ። በሦስተኛው ገና በበሩ ስትገባ፣ የጫማዋ ድምፅ ሲሰማ ቀላ። ከዚያ ስልኳ ላይ መልእክት ደረሳት። "ወይዘሮ ረድኤት፣ ለተረጋጊያችን ቀስቃሽ ሆነው ተገኝተዋል። ስለሚያደርጉት ትብብር ከወዲሁ እናመሰግናለን።" ቀስቃሽ የሚባሉት ድሮ ሻጮች፣ የመቃሚያ ጓደኞች፣ አንዳንድ ጥጎች ነበሩ። ረድኤት መልእክቱን ይዛ መጠን ቤት ሄደች።

"እኔ ምን አድርጌው ነው እትዬ?" አለቻት ኢፍቱን።

"ምንም። መለኪያው የሚያየው ልቡ መምታቱን፣ እጁ ማላቡን ነው። በምን ምክንያት ብሎ አይጠይቅም።"

"ታዲያ መቼም አልጠይቀውም?"

ኢፍቱ ደንቡን ነገረቻት። ቀስቃሽነት ይነሳል። ቀስቃሽ የተባለው ሰውና ተረጋጊው በማዕከሉ ክፍል ይገናኛሉ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አምባሩ ነጭ ከሆነ ፈቃድ ይሰጣል፤ ወደ ቤቱም ሊመለስ ይችላል።

ረድኤት ብዙ ካሰበች በኋላ "ምን ለብሼ ብሄድ ነው የማልናፍቀው?" አለች።

ለግንኙነቱ የእህቷን ግራጫ ቀሚስ ተውሳ ሄደች። ሽቶ አልተቀባችም፣ ኩል አልተኳለችም፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ሸፈነች። ኢዮስያስ ደግሞ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። ዶክተር ቃልአብ፣ የማዕከሉ ሐኪም፣ ከመስታወቱ ጀርባ ነበር። ስለ ውሃ መቋረጥ አወሩ። ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ አወሩ። አምባሩ ነጭ ነው። ረድኤት እንዲህ ከሆነማ ብላ ልቧ ትንሽ ተረጋጋና የጎረቤት ፍየል ለሙሽራ የሰፋችውን ልብስ ዳንቴል እንደበላባት ማውራት ጀመረች።

"ሙሽራይቱ መጥታ 'ዳንቴሉስ?' ስትለኝ፣ ፍየሏ በሩ ላይ ቆማ ታመነዥካለች..."

ሳቋ መጣ። እንዳትስቅ ብላ አፏን በእጇ መዳፍ ከደነች። ትከሻዋ ግን ተንቀጠቀጠ። ኢዮስያስ ከግድግዳው ዓይኑን መለሰ። ከማግባቱ በፊት ጀምሮ የሚያውቀው ሳቅ ነበር። አምባሩ ብርቱካን ሆነ፣ ቀላ፣ መጮህ ጀመረ።

"ይቅርታ" አለች ረድኤት፤ ብድግ ብላ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለች ወጣች።

ኢፍቱ ከደቻቱ ወዲያ እየተሻገረች ትጠይቀው ነበር። በእሷ አምባሩ ከነጭ ዝንፍ አይልም። "አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብርቱካን አትሆንም? ሴት አይደለሁም እንዴ አቦ!" እያለች ታስቀዋለች። ያን ሰሞን ግን ሊስቅላት አልቻለም።

"ሐራራ ሲመጣብኝ ያስተማርሽኝን ታስታውሻለሽ?" አላት።

"'እንግዳ ነው በለው፤ ደጅ ይቁም፤ አትነሳለት፤ ቆሞ ቆሞ ይሄዳል' ያልኩህን?"

"አዎ። ያንን እየሠራሁበት ነው።"

"ጎበዝ" አለችው። ምን ላይ እየሠራበት እንደሆነ አልጠየቀችውም።

የሚሠራበት በረድኤት ላይ ነበር። ጣሪያ ላይ አቧራ ሲጠርግ ፊቷ ይመጣበታል፤ "እንግዳ ናት፤ አልነሳላትም" ይላል። አንገቷን ዘንበል አድርጋ መርፌ ስታስገባ ይመጣበታል፤ ደጅ ያቆማታል። እምቢ ያለ እንደሆነ የተጣሉበትን ቀን ያስታውሳል፤ ያንጓጠጠችውን፣ በእናቱ ለቅሶ ላይ ያኮረፈችውን። መጀመሪያ አምባሩ ብርቱካን እየሆነ ተቸገረ። ኋላ ላይ ግን እየለመደ መጣ። አንድ ማለዳ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ሙሉ ፊቷን፣ ሳቋን፣ ድምፅዋን አንድ በአንድ አመጣቸው፤ አምባሩን አየ። ነጭ ነው። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ከኪሱ የወደቀ ይመስል ዞር ብሎ ጣሪያውን አየ።

ለሁለተኛው ግንኙነት ረድኤት የእህቷን ቀሚስ አልለበሰችም። የሚሆነው ይሁን ብላ የራሷን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ መጣች። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዓይኖቿን እያየ አወራት። ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። አሳቃት። ስትስቅም አያት። አምባሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ወተት ነጭ ነበር።

ዶክተር ቃልአብ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ የሁለቱንም እጅ ጨበጠ። "እንኳን ደስ አላችሁ። አቶ ኢዮስያስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድልድዩን መሻገር ይችላሉ። ትንሽ ቆይተን ደግሞ ወደ ቤትዎ ስለመመለስ እንነጋገራለን።" ደስታው ከልቡ ነበር።

ኢዮስያስ ረድኤትን እስከ ግቢው በር ሸኛት። ሸራው ሥር ቆሙ።

"አየሁት" አለች። "ነጭ ነበር።"

"ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ረዲ። አንቺ ዘንድ ልምጣ ብዬ።"

"አውቃለሁ።" ቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ስትለቅም ቆየች። "ሞተህ ያገኘሁህ ቀን እንኳ ፊትህ እንዲህ አልነበረም ኢዮሲ።"

ኢዮስያስ በእጁ መዳፍ ፊቱን ዳሰሰ።

"በሩ ክፍት ነው" አለች። "ቤትህ ነው፤ ማን ይከለክልሃል? ዛሬ ግን አትምጣ። ዛሬ አልችልም።"

ሸራው ሥር ለሥር ሄደች። ቢጫው ቀሚስ ከመታጠፊያው እስኪሰወር አያት። አምባሩን ማየት አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለኢዮስያስ ከሐራራ የከፉ ነበሩ። በሐራራ ጊዜ የሚፈልገውን ያውቃል። አሁን ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ለመናፈቅ ይሞክራል፤ አይመጣለትም። ፊቷ ይመጣል፣ ደጅ ይቆማል፣ ይሄዳል። ሳቋን ያስታውሳል፤ እንደ ሌላ ሰው ሚስት ሳቅ ነው። ጭማቂ ሻጩ በየቀኑ "ነጭ ነህ፣ ማሻ አላህ" ይለዋል። ማዕከሉ ውስጥ በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ስሙን ከምስጋና ጋር ለጠፉለት።

ኢፍቱ ስትመጣ ሁሉን ነገራት። ስትሰማ ፈገግታዋ ጠፋ፤ ሻርፕዋን ከራሷ አወረደችና ጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው።

"ለሐራራ ያስተማርኩህን ለእሷ አደረግከው?"

"ሌላ ምን ላድርግ?"

"ወላሂ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። 'ጎበዝ' አልኩህ እኮ!" ያጣጠፈችውን ሻርፕ መልሳ ፈታችው። "ስማኝ፤ እኔ የማውቀው ሐራራ እንዴት እንደሚሄድ ነው። የሄደ ናፍቆት እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም፤ ልዋሽህ አልችልም። ግን ፈቃድ አለህ አይደል? ሂድ። ሂድና የሚሆነውን እይ። እኔ መጠን ቤት ነኝ፤ ከቤታችሁ ቅርብ ነው፤ ከከፋ ጥሩኝ።"

አርብ ዕለት፣ ፀሐይዋ በረድ ብላ ሰዉ ከየቤቱ መውጣት ሲጀምር፣ ኢዮስያስ ወደ ድልድዩ ሄደ። አምባሩ አልጠበቀም። ከሥር ደቻቱ ደረቅ ነው፤ አሸዋው ላይ ሰዎች ምንጣፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከደጋው ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ የሚወስደውን ሁሉ ያውቃሉ፣ ግን ይቀመጣሉ። ተሻገረ። የመጋላ ቅጥሮች እንደ ድሮው ሰማያዊና ሮዝ ናቸው። ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን፣ ጥላ የሚሸጥበትን ጥግ እርምጃውን ሳይቀንስ አለፈው። አምባሩ ነጭ ነበር። "በቃ፣ ድኛለሁ" ብሎ አሰበ፤ አላስደሰተውም።

ወደ ቤቱ መታጠፊያ ሲደርስ የስፌት ማሽኑን ድምፅ ሰማ።

ሩጫ፣ ቆም፣ ሩጫ፣ ቆም። ረድኤት ጠርዝ ስትሰፋ ማሽኑ እንደዚያ ነው የሚለው። እጁን አላበው፤ ምራቁ ሞላ፤ ምላሱ ሥር የጥላ ቅዝቃዜ ያለ መሰለው። አምባሩ ብርቱካንን ዘሎ ቀላ። በረንዳው ድረስ ሄዶ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ።

"ረዲ።"

ማሽኑ ቆመ። ረድኤት ቀና ብላ ፊቱን አየች፤ ከዚያ እጁን።

"ቀይ ነህ።"

"አዎ።"

"ከቀስቃሹ ይራቁ" አለ አምባሩ። ድምፁ የአንዲት ትሑት ሴት ድምፅ ነበር።

ረድኤት ከወንበሯ አልተነሳችም። "የናፈቅከው እኔን ነው ወይስ ጥላን?" አለች።

ኢዮስያስ "አንቺን" ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ ግን አልወጣም። "አላውቅም" አለ። "እኔም አልለየውም። ጥላ ወስጄ የምተኛው ይሄን ማሽን እየሰማሁ ነበር። አንቺ እዚህ ስትሰፊ፣ እኔ እዚያ ፍራሹ ላይ። ሁለታችሁ አብራችሁ ነው የምትመጡብኝ።"

"'አንቺን' ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"መዋሸት ደክሞኛል።"

"ከቀስቃሹ ይራቁ። ከቀስቃሹ ይራቁ።"

ረድኤት ተነሳች። ከቁርጥራጩ ክምር ወፈር ያለ ጨርቅ አንስታ አምባሩ ላይ ጠቀለለችበት፤ የሴትየዋ ድምፅ ታፈነ። "ግባ" አለችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ኢፍቱን ጠራች።

ገባ። መቀመጥ ግን አልቻለም። ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ። መንጋጋው ተቆላለፈ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። "ከመስጊዱ ጀርባ የሚቆመው ልጅ አሁንም አለ?" ብሎ ጠየቃት።

"አለ።"

"ልሄድ ነው ረዲ።"

ልትይዘው እጇ ተነሳ፤ መለሰችው። ኢፍቱ ድሮ "አትያዢው፤ ጠይቂው" ብላት ነበር። "አሁን የት ነው ያለው?" አለችው። "የት ይሰማሃል?"

"መንጋጋዬ ላይ።... ወገቤ ላይ። እዚህ፣ አሮጌው ቦታ።"

ረድኤት የስፌት ማሽኑን መሳቢያ ሳበች። ከክርና ከቁልፎች መሀል አፍንጫ ውስጥ የሚነፋውን መድኃኒት አወጣችና ሁለቱም በሚያዩት ቦታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። 

"ከሄድክ እዚህ መጥተህ ውሰድ። ብቻህን አትውሰድ። ይሄው ይሄ አለ፣ እኔም አለሁ። ሌላው ይደርሳል።"

ኢዮስያስ ጠረጴዛውን አየ። በሩን አየ። ቁና ቁና እየተነፈሰ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። ኢፍቱ እያለከለከች ደርሳ አጠገቡ ተቀመጠች። ረድኤት ምን እንደምታደርግ ጨንቋት ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ ጠርዙን መስፋት ቀጠለች። ሩጫ፣ ቆም። ኢዮስያስ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ፤ ምን እንደሚያስለቅሰው አልተጠየቀም።

ምን ያህል እንደቆዩ ማንም አላስተዋለም። ጨርቁን ሲፈቱት አምባሩ ነጭ ነበር። ኢፍቱ ወደ ሳቢያን መለሰችው።

በማግስቱ ዶክተር ቃልአብ ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሰጠው።

"ፈቃዱ ተሰርዟል፤ ይሄን የምወስነው እኔ አይደለሁም" አለ። "ሁለት ነገር ነው ያለው። እዚህ መቆየት፤ ያኔ ባለቤትዎን አያገኟቸውም። ወይም አምባሩን አውልቀው ወደ መጠን ቤት መመለስ። ክፍሉና ሥራው ይቀራል። በእኛ መዝገብ 'ወደቀ' ተብሎ ነው የሚገባው።"

"ጥላ አልወሰድኩም እኮ ዶክተር።"

"አውቃለሁ። አይቻለሁ፤ ቀይ ሆኖ ቆይቶ ወርዷል።" ሐኪሙ ዓይኑን አሸ። "አቶ ኢዮስያስ፣ ጠላትዎ አይደለሁም። አምባር ካወለቁት መካከል ቀብራቸው ላይ የቆምኩባቸው አሉ። አምባር የሌለው ሰው ሲወድቅ የሚሰማ የለም።"

"ረድኤት ትሰማለች።"

"እሳቸው ገበያ ሄደው ቢሆንስ?"

ኢዮስያስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስበው ያደረው እሱኑ ነበር። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሐኪሙ ትንሽ ጠብቆ፣ ሐሳቡን እንዳልለወጠ ሲያይ አምባሩን ፈታው። ከሥሩ የነበረው ቆዳ የሕፃን ቆዳ ይመስል ነበር።

"መጠን ቤት የሚከፈተው በማለዳ ነው" አለ ቃልአብ በሩ ድረስ ሸኝቶት። "አንድም ቀን እንዳይቀሩ። እባክዎ።"

ኢዮስያስ ቤቱ ገባ። እንደተፈራው ሆነም፤ የክረምቱ ጎርፍ በመጣበት ሰሞን አንድ ከሰዓት ከመስጊዱ ጀርባ ሄዶ ገዛ። ብቻውን ግን አልወሰደም፤ ይዞት መጣና በረንዳው ላይ ቆሞ ለረድኤት አሳያት። እሷም አልጮኸችም። ማሽኗን ዘግታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትንፋሹ ሲያጥር ነፋችለት፤ ሲነቃ ሁለቱም አብረው አለቀሱ። በማግስቱ አፍሮ መጠን ቤት ሲደርስ ኢፍቱ ኩባያውን ሞልታ ሰጠችውና "እንኳን መጣህ" አለችው። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩበትም። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ሐራራው እየመጣ፣ ደጅ ቆሞ፣ እየሄደ ኖረ። ሥራም አገኘ፤ የሰፈሩን ማሽኖችና ማቀዝቀዣዎች ይጠግን ጀመር።

አንድ ማለዳ ረድኤት ጨርቅ ልትገዛ ቀፊራ ገበያ ሄደች። ኢዮስያስ መድኃኒቱን ጠጥቶ ተመልሶ የአንድ ጎረቤት ማራገቢያ ፈታታ። ወዲያው አንድ ነገር ያዘው። ደረቱ ባዶ ሆነበት፤ እጁን አላበው። ደነገጠ። መፍቻውን አስቀምጦ ተነሳ። ውሃ ጠጣ። በረንዳው ላይ ወጣ፤ ገባ፤ ደግሞ ወጣ። ስሙን ሊያውቀው አልቻለም። ቀለሙን የሚነግረው አምባር የለም። መድኃኒቱ መሳቢያው ውስጥ መኖሩን አረጋገጠ፤ ኢፍቱን ልጥራ አልጥራ እያለ የበረንዳውን ምሰሶ ይዞ ወደ መታጠፊያው ማየት ጀመረ።

የሙቀት ደወሉ ተደወለ። ሱቆች ተዘጉ። ሰዉ ከሸራው ሥር እየተጣደፈ ወደየቤቱ ገባ። ከሁሉ በኋላ ረድኤት የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ፣ በላብ ርሳ፣ በመታጠፊያው ብቅ አለች። በሩ ላይ ቆሞ ስታየው እርምጃዋን አፈጠነች።

"ምን ሆነሃል? መጣብህ?"

"መጥቶብኝ ነበር።"

"የት? መንጋጋህ ላይ?"

"አይደለም።" ጥቅሉን ከትከሻዋ ተቀበላት። "ናፍቀሽኝ ነው መሰለኝ።"

"አሁን ሄጄ አሁን መጣሁ እኮ!" አለች። ልትስቅ ነበር፤ ግን ፊቱን አይታ ተወችው። በዝግታ "እኔን መሆኑን በምን አወቅክ?" ብላ ጠየቀችው።

ኢዮስያስ ጥቅሉን ይዞ ጥቂት አሰበ።

"ስትመጪ ተወኝ" አላት።